የሚያፈስ የሞተር ብስክሌት ራዲያተር በጥቂት ገንዘብ ስለ መጠገን

የገበሬ ድካም ዋጋ የሚያገኘው ምርቱ በእርሻው ላይ ሳለ ሳይሆን ገበያ ሲደርስ ነው። ጎመን በማለዳ ተቆርጦ እስከ ቀትር ካልተሸጠ ይጠወልጋል፤ ቲማቲም በፀሐይ ከዋለ ይፈርጣል፤ ወተትም ጥቂት ሰዓት ቢዘገይ ይበላሻል። ስለዚህ ምርቱን የሚያጓጉዘው ሞተር ብስክሌት እንደ ማረሻውና እንደ ውሃ ፓምፑ ሁሉ ከእርሻ መሣሪያዎች አንዱ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ይህ መሣሪያ ሲቆም የሚጎዳው ባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ ዕቃውን የጫነበት ገበሬና ዕቃውን የሚጠብቀው ቸርቻሪም አብረው ይጎዳሉ።

ይህ ነገር በግልጥ ከሚታይባቸው ከተሞች አንዲቱ የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ጁባ ናት። ጁባ በነጭ ዓባይ ዳር የተቀመጠች ስትሆን፥ ከሰፈሮቿ አንዱ ኒምራ ታላታ ይባላል፤ ትርጓሜውም በዓረብኛ «ቁጥር ሦስት» ማለት ነው። እንደ ሌሎቹ የጁባ ሰፈሮች ሁሉ በዚህም ሰፈር ሰው በብዛት የሚመላለሰው ቦዳ ቦዳ በሚባለው ሞተር ብስክሌት ነው፤ ከበድ ያለውን ጭነት ደግሞ ከኋላው ሣጥን ያለው ባለ ሦስት እግር ሞተር ይሸከመዋል። ለከተማዪቱ ከዩጋንዳ የሚመጣው አትክልትና የመለዋወጫ ዕቃ የሚያልፈው 192 ኪሎ ሜትር በሚረዝመውና በአውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. አስፋልቱ ተሠርቶ በተመረቀው የጁባና የኒሙሌ መንገድ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ጉዞ ሲታወክ፥ ወይም የገንዘብ ምንዛሪ ሲለዋወጥ የመለዋወጫ ዋጋ ይወጣል፤ በዚያን ጊዜ አዲስ ራዲያተር መግዛት ለብዙ ባለሞተር ከአቅሙ በላይ ይሆንበታል።

የአየሩም ጠባይ ችግሩን ያብሰዋል። በጁባ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ያሉት ወራት እጅግ ሞቃት ናቸው። በአውሮፓ አቆጣጠር በማርች 2024 ዓ.ም. ሙቀቱ እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ እንደሚችል ስለ ተገመተ፥ የደቡብ ሱዳን መንግሥት በአገሪቱ ያሉት ትምህርት ቤቶች ለጊዜው እንዲዘጉ አዝዞ ነበር። ሰው በጥላ ሥር ሆኖ በሚቸገርበት በእንዲህ ያለ ሙቀት፥ ራዲያተሩ የተጎዳ ሞተር ጭነት ተሸክሞ ቢጓዝ ምን እንደሚደርስበት መገመት አያስቸግርም።

ይሁን እንጂ የሚያፈስ ራዲያተር ሁሉ የሚጣል አይደለም። ብዙውን ጊዜ የባለሞተሩ ገንዘብ የሚባክነው ጉዳቱ ከባድ በመሆኑ ሳይሆን፥ ምርመራው ሳይፈጸም ጥገናው ስለሚጀመር ነው። የፈሰሰበትን ስፍራና የፈሰሰበትን ምክንያት አስቀድሞ ያወቀ ሰው ግን የሚያወጣው ገንዘብ ጥቂት ይሆናል።

ራዲያተር ያለውና የሌለው ሞተር

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት፥ ሞተር ብስክሌት ሁሉ ራዲያተር የለውም። ሰው የሚያመላልሱት ከ100 እስከ 150 ሲሲ የሆኑት ቦዳ ቦዳዎች በአብዛኛው በነፋስ የሚቀዘቅዙ ናቸው። በእነዚህ ላይ በሲሊንደሩ ዙሪያ እንደ ክንፍ የተደረደሩ ስስ ብረቶች ይታያሉ፤ ለእነርሱ የሚያስፈልገው ጥገና ጭቃውን ከክንፎቹ መካከል ማጽዳትና የሞተሩን ዘይት በጊዜው መለወጥ ነው። ራዲያተር የሚገኘው በትልልቆቹ ሞተር ብስክሌቶችና ለከባድ ጭነት በተሠሩት ብዙዎቹ ባለ ሦስት እግር ሞተሮች ላይ ነው። ሣጥኑ ተጭኖ በዝግታ የሚሄድ ሞተር በቂ ነፋስ ስለማያገኝ በውሃ መቀዝቀዝ ያስፈልገዋል።

ራዲያተር የሚሠራበት መንገድ

ቤንዚን ሲቃጠል ከሚገኘው ኃይል መንኰራኵሩን የሚያዞረው ከሲሶ አይበልጥም፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ከፊሉ በጭስ ማውጫው ይወጣል፥ ከፊሉም በሞተሩ ብረት ላይ ይቀራል። በብረቱ ላይ የቀረውን ሙቀት ውሃው ይቀበለውና በፓምፕ እየተገፋ ወደ ራዲያተሩ ይወስደዋል። በራዲያተሩ ውስጥ ውሃው በጠፍጣፋና በጠባብ ቱቦዎች ይከፋፈላል፤ በቱቦዎቹ መካከል የተጣበቁት ስስ ክንፎችም ሙቀቱን ለነፋስ ያስረክባሉ። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ወይም በዝግታ ሲሄድ ነፋሱን የሚስበው ማራገቢያው ነው።

ብዙ ሰው የሚንቀው ክፍል ክዳኑ ነው። ክዳኑ በውስጡ ጸደይና ላስቲክ ስላለው ውሃውን በግፊት ይይዘዋል፤ የግፊቱም ልክ በላዩ ላይ ተጽፎ ይገኛል፥ ብዙውን ጊዜ 0.9 ወይም 1.1 ነው። ይህ ግፊት ውሃው እስከ 120 ዲግሪ አካባቢ ሳይፈላ እንዲቆይ ያደርገዋል። ክዳኑ ግፊቱን መያዝ ካልቻለ ግን ውሃው ገና በ98 ዲግሪ ገደማ በጁባ ይፈላል፤ ከፍ ባለው በአዲስ አበባማ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ራዲያተሩ ደህና ሆኖ ሳለ ባረጀ ክዳን ምክንያት ሞተር ሊግል ይችላል።

ከዚሁ ነገር አንድ ትልቅ ጥንቃቄ ይከተላል። የጋለ ሞተርን ክዳን መክፈት አይገባም። ግፊቱ በድንገት ሲለቀቅ ከ100 ዲግሪ በላይ የጋለው ውሃ ወዲያው እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳና የከፈተውን ሰው ፊትና እጅ ያቃጥላል። የራዲያተሩ ቱቦ በእጅ ሲነካ እስኪቀዘቅዝ ድረስ መታገሥ ያስፈልጋል። በጋለ ሞተርም ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ገንዘብ ከማውጣት በፊት መመርመር

ምርመራው ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በሚከተለው ተራ ቢፈጸም መልካም ነው።

1ኛ/ ራዲያተሩንና ዙሪያውን በዝግታ በሚፈስ ውሃ ማጠብና ማድረቅ። በኃይል የሚረጭ ውሃ ክንፎቹን ስለሚያጣምም አይጠቅምም። ውሃ ያፈሰሰበት ስፍራ ብዙውን ጊዜ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ይይዛል።

2ኛ/ የላስቲክ ቱቦዎቹን በእጅ እየጨመቁ ማየትና የማሰሪያ ቀለበቶቹን ማጥበቅ። ላስቲኩ ከደረቀ፥ ከተሰነጠቀ ወይም ካበጠ መለወጥ አለበት። ራዲያተሩ ፈሰሰ ከሚባለው ጊዜ ብዙው የላላ ቀለበት ሆኖ ይገኛል።

3ኛ/ የክዳኑን ላስቲክ ማየት። ጠርዙ የተበላ ወይም የደነደነ ከሆነ ክዳኑን መለወጥ ራዲያተር ከመለወጥ እጅግ ይረክሳል።

4ኛ/ የውሃውን ፓምፕ ከሥሩ መመልከት። በፓምፑ ሥር ያለች ትንሽ ቀዳዳ ውሃ የምታንጠባጥብ ከሆነ ያረጀው የፓምፑ ላስቲክ ነው እንጂ ራዲያተሩ አይደለም።

5ኛ/ ቴስታታውን መፈተን። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ከፍቶ ማስነሣትና ውሃውን ማየት ነው። አረፋ ያለማቋረጥ የሚፈላ ከሆነ፥ ወይም የሞተሩ ዘይት እንደ ወተት ከነጣ፥ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ራዲያተሩን ማስጠገን ገንዘብን በከንቱ መጣል ይሆናል።

6ኛ/ ይህ ሁሉ ታይቶ ጥፋቱ ከራዲያተሩ መሆኑ ከተረጋገጠ፥ ራዲያተሩን ፈትቶ በውሃ በተሞላ በርሜል ውስጥ መፈተን። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ካረጀ የጎማ ከመነዳሪ መንፊያው ያለበትን ክፍል ቆርጦ በአንደኛው የራዲያተር አፍ ላይ ማልበስና በቀለበት ማጥበቅ፥ የከመነዳሪውንም ሌላ ጫፍ አጥፎ ማሰር ነው። ሁለተኛው አፍ በላስቲክ በተጠቀለለ እንጨት ይደፈናል፤ ክዳኑም በስፍራው ይገጠማል። ከዚያ በብስክሌት ፖምፓ በቀስታ ይነፋል። አረፋ የወጣበት ስፍራ በምስማር ጫፍ ምልክት ይደረግበታል። የሚነፋው ግፊት በክዳኑ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ማለፍ የለበትም፤ ደህና ክዳን ከልኩ ያለፈውን ግፊት በራሱ ይለቅቃል። ጥቂት ብቻ ተነፍቶ አረፋው በክዳኑ አጠገብ ባለችው ቀጭን ቱቦ የሚወጣ ከሆነ ግን ጥፋቱ የክዳኑ ነው።

የጉዳቱ ዓይነትና መድኃኒቱ

ቀዳዳው ከተገኘ በኋላ የራዲያተሩን ብረት ማወቅ ያስፈልጋል። ቀለሙ በትንሹ ሲፋቅ ቢጫ ወይም ቀይ ከታየ ነሐስ ወይም መዳብ ነው፤ ነጭ ሆኖ ቀላል ከሆነ አሉሚኒየም ነው። የዛሬ ዘመን የሞተር ብስክሌት ራዲያተር በብዛት አሉሚኒየም ነው፤ የነሐስና የመዳብ ራዲያተር የሚገኘው በቆዩ ትራክተሮችና መኪናዎች ላይ ነው።

የተጣመመ ክንፍ፦ የሚያፈስ ነገር ከሌለ መድኃኒቱ ትዕግሥት ብቻ ነው። በስስ ቢላዋ ወይም በካቻቢቴ ጫፍ አንድ በአንድ ማቅናት ነው፤ ሲቀና ቱቦውን እንዳይወጋ መጠንቀቅ ይገባል። በክንፎቹ መካከል የደረቀ ጭቃ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት እየታጠበ ይወጣል። የተጨፈለቀ ክንፍ ነፋስ ስለማያሳልፍ፥ ይህ ዋጋ የሌለው ሥራ ብቻውን የሞተርን ግለት ሊያስታግሥ ይችላል።

ጠጠር የበሳው ቱቦ፦ ቀዳዳው ጠባብ ከሆነ ሁለት ቱቦ ተቀላቅሎ የሚደርቅ ሙቀት የሚችል ማጣበቂያ ይበቃዋል። በቀዳዳው ዙሪያ ጣት የሚያህል ክንፍ ይነሣል፤ ብረቱ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ይፋቃል፤ ቅባቱ በአልኮል ይጠረጋል፤ ወዲያውም ማጣበቂያው ይቀባል። አሉሚኒየም ከተፋቀ በኋላ በነፋስ ላይ ቢቆይ እንደ ገና ስስ ልባስ ስለሚለብስ መዘግየት አያስፈልግም። ሥራው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እርጥብ ወይም ቅባት ባለበት ብረት ላይ ስለሚቀባና ሳይደርቅ ውሃ ስለሚሞላበት ነው። በመያዣው ላይ የተጻፈው የመድረቂያ ሰዓት ይጠበቅ፤ አልተጻፈም እንደ ሆነ አንድ ቀንና ሌሊት ይቆይ።

የተቀደደ ቱቦ፦ ማጣበቂያ የማይዘው ሰፊ ቅዳድ ከሆነ ያንን ቱቦ መዝጋት ይቻላል። ከቅዳዱ በላይና በታች ቱቦው በፒንሳ ተጨፍልቆ ይታጠፍና በማጣበቂያ ይደፈናል። ራዲያተሩ 10 ቱቦ ያለው ከሆነ አንዱን መዝጋት ከማቀዝቀዣው አንድ አሥረኛውን ያጎድላል፤ ሁለት ከተዘጋ አምስተኛው ይጎድላል። እንደ ጁባ ባለ ሞቃት አገር ጭነት ለሚሸከም ሞተር ከዚህ በላይ መዝጋት አይመከርም።

የተሰነጠቀ ጠርዝ ወይም መያዣ፦ የመንገዱ መንቀጥቀጥ ያለበት ስፍራ ስለ ሆነ ማጣበቂያ ብዙ አይቆይበትም። ለአሉሚኒየም የሚሻለው የአርጎን ብየዳ ነው። ዚንክ ያለበት በ400 ዲግሪ ገደማ የሚቀልጥ ዘንግም አለ፤ አሉሚኒየሙ ራሱ የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ስለ ሆነ ለሠለጠነ እጅ ሥራው ይቻላል። ነገር ግን የራዲያተሩ መጋጠሚያዎች ከዚያ በታች ስለሚቀልጡ፥ እሳት የበዛበት በያጅ አንድ ቀዳዳ ሲደፍን ሌላ ሦስት ይከፍታል። ለነሐስና ለመዳብ ግን በዝቅተኛ ሙቀት የሚቀልጠው የእርሳስ ብየዳ ስለሚበቃ ሥራው ይቀላል፥ ዋጋውም ይረክሳል።

የፕላስቲክ ጫፍ፦ አንዳንድ ራዲያተር ከላይና ከታች ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩ ከተሰነጠቀ ማጣበቂያው ከሙቀትና ከግፊት ጋር ስለማይቆም፥ ደህና የሆነ ያገለገለ ራዲያተር መፈለግ ይሻላል። ያገለገለው ዕቃ ገንዘቡ ሳይከፈል ከላይ በተነገረው በርሜል ይፈተን።

በመንገድ ላይ የሚደረግ

ባለሞተሩ ከገበያ ርቆ ሳለ ራዲያተሩ ቢፈስ፥ ከጥንት ጀምሮ ሲነገር የኖረ መድኃኒት አለ፤ ይኸውም እንቁላል ወይም ቁንዶ በርበሬ በውሃው ውስጥ መጨመር ነው። እንቁላሉ በሙቀት ሲበስል፥ በርበሬውም ሲያብጥ ቀዳዳውን ለጊዜው መድፈኑ እውነት ነው። ነገር ግን መድፈን ያለበትንና የሌለበትን ለይቶ አያውቅም፤ የሞተር ብስክሌት ራዲያተር ቱቦ ደግሞ ከመኪናው ይልቅ ጠባብ ነው። በገበያ የሚሸጠውም የቀዳዳ መድፈኛ ዱቄት እንዲሁ ቱቦውን ሊዘጋ ይችላል። ሌላ ምርጫ ሲጠፋ ብቻ ይደረግ፤ ቤት እንደ ደረሱም ውሃው ሁሉ ተደፍቶ ራዲያተሩ ይታጠብ።

ከዚህ የሚሻለው ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑን እስከ መጀመሪያው መያዣ ብቻ አላልቶ መሄድ ነው። ግፊት ስለማይኖር የሚፈሰው ውሃ ያንሳል። ነገር ግን ውሃው ቶሎ ስለሚፈላ ጭነቱን ማራገፍ፥ በዝግታ መሄድ፥ በየጥቂቱ መቆምና ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ውሃ መጨመር የግድ ነው። የሙቀት ምልክቱ እየወጣ ሳለ «ጥቂት ቀርቶኛል» ብሎ መንዳት ግን ቴስታታውን ያጣምማል፥ ፒስተኑንም ያጣብቃል። በዚያን ጊዜ የሚከፈለው የራዲያተር ዋጋ ሳይሆን የሞተር ዋጋ ነው።

ስለሚሞላው ውሃና ስለ መርዙ

ጭቃ ያለበት የወንዝ ውሃ ለራዲያተር አይስማማም፤ የጉድጓድ ውሃም ጨው ካለበት በቱቦው ውስጥ እንደ ጀበና ቅርፊት ይጋግራል። ለባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ፥ አሲዱ ሳይሆን ውሃው፥ ይስማማል፤ ዝናቡ ጣራውን ካጠበ በኋላ የተጠራቀመ ንጹሕ የዝናብ ውሃም ይሻላል። በጁባ በረዶ ስለማይሆን የማቀዝቀዣው መድኃኒት አያስፈልግም የሚሉ ሰዎች አሉ። ነገር ግን መድኃኒቱ አሉሚኒየምን ከመበላት ይጠብቃል፥ ውሃውም ቶሎ እንዳይፈላ ያግዛል፤ በመያዣው ላይ እንደ ተጻፈው ብዙ ጊዜ እኩል በእኩል ከውሃ ጋር ይቀላቀላል።

ሆኖም ይህ መድኃኒት በብዛት የሚሠራው ኤቲሊን ግላይኮል ከሚባል ነገር ስለ ሆነ ብርቱ መርዝ ነው። ጣዕሙ ጣፋጭ በመሆኑ ልጅ፣ ውሻ፣ ጥጃም ቢያገኘው ይጠጣዋል፤ ኩላሊትን ያበላሻል፥ ሕይወትንም ያጠፋል። ስለዚህ ከራዲያተር የወጣ ውሃ ሜዳ ላይ ወይም ከብት በሚጠጣበት ቦይ አይደፋ፤ ምልክት በተደረገበትና በታሰረ ዕቃ ይቀመጥ። ብዙ ቤተ ሰብ የሚጠጣውን ውሃ ገዝቶ በጀሪካን በሚያስቀምጥባት በጁባ ጥንቃቄው በእጥፍ ያስፈልጋል። መድኃኒቱ አንድ ጊዜ የገባበት ጀሪካን ቢታጠብም እንኳ ለመጠጥ ውሃ መዋል የለበትም። ሳያውቅ የጠጣ ሰው ቢገኝ ሕመሙ እስኪታይ ሳይጠበቅ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

የጥገናው ሒሳብ

ገንዘብ ያነሰው ሰው ከሚረክሰው ጀምሮ ወደሚወደደው ይሂድ። መጀመሪያ ምንም የማያስከፍለው ማጠብ፥ ክንፍ ማቅናትና ቀለበት ማጥበቅ ነው። ቀጥሎ ክዳንና የላስቲክ ቱቦ ነው። ከዚያ ማጣበቂያ፥ ከዚያ ብየዳ፥ ከዚያ የተፈተነ ያገለገለ ራዲያተር ይመጣል፤ አዲሱ በመጨረሻ ነው። በዚህ ሒሳብ ውስጥ ሥራ የተፈታበት ቀንም መቆጠር አለበት። በየሳምንቱ የሚፈስ ርካሽ ጥገና ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ፥ የጠፋው የሥራ ቀን ሲደመርበት ከአንድ ደህና ብየዳ ይበልጥ ውድ ሆኖ ይገኛል።

ጥገናው ካለቀ በኋላ ውሃው በዝግታ ይሞላል፤ ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩ ጥቂት እንዲሠራ ተደርጎ በውስጡ የቀረው ነፋስ ይወጣል፤ ከዚያ ክዳኑ ተገጥሞ ማራገቢያው እስኪነሣ ድረስ ቆሞ ይሠራል። በማግሥቱ ማለዳ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የውሃው ልክ ይታያል፤ ሦስት ቀን ያህል እንዲሁ ታይቶ ካልጎደለ ሙሉ ጭነት መጫን ይቻላል። ጠጠር እንደ ገና እንዳይበሳው ከራዲያተሩ ፊት ነፋስ የሚያሳልፍ ወንፊት ሽቦ ማሰር ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

እነዚህ ነገሮች በውሃ ለሚቀዘቅዝ ትራክተርና ለመስኖ ፓምፕ ሞተርም የሚሠሩ ናቸው። የእርሻ ሹማምንትና የገበሬዎች ማኅበራት አንድ በርሜል፥ አንድ ፖምፓና ጥቂት የማሰሪያ ቀለበት በአንድ ስፍራ ቢያኖሩ፥ በአካባቢው ያለ ሰው ሁሉ ራዲያተሩን በነጻ ሊፈትን ይችላል። በኒምራ ታላታም ሆነ በሌላ ስፍራ የሚኖር ባለሞተር ማለዳ ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ክዳኑን ከፍቶ ውሃውን ማየት ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይወስድበትም። ይህችን ጥቂት ደቂቃ የነፈገ ሰው ግን ጎመኑ በሣጥኑ ላይ ሲጠወልግ በመንገድ ዳር ቆሞ ቀኑን ሙሉ ይከፍላታል።